ስለ አዲስ ጀልባ የሚጽፍ ሰው ምን ሊነግረን ይገባዋል?

የደብረ ኤልያስ ገበሬ በቅሎ ሲገዛ ኮርቻዋ አምሯል ብሎ ገንዘቡን አይቈጥርም። ጥርሷን ያያል፤ ሰኰናዋን ይመረምራል፤ ጥቂትም አስኪዶ ይፈትናታል። በመጽሔት ላይ ስለ አዳዲስ የሸራ ጀልባዎች የሚጻፈው ግን፥ እንደ እኔ አስተያየት፥ ብዙውን ጊዜ የኮርቻ ምስጋና ነው።

የባሕር ጉዞ ወዳጅ የሚፈልገው ሌላ ነው። ማዕበል ሲነሣ ጀልባዋ እንዴት ትሆናለች? ስንት ሰው ትችላለች? ብትሰበር በምን ትጠገናለች? ከዓመታት በኋላስ ምን ትመስላለች?

የጣናን የደንገል ታንኳ እንመልከት። ቀላል ናት፤ ነገር ግን ውኃ ስለምትመጥ ከጉዞ በኋላ ወደ የብስ ወጥታ መድረቅ አለባት። ይህን ሳይናገር የሚያመሰግናት ሰው አንባቢውን ያታልላል።

ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና በተወሰደ ደንገል ያሠራት «ራ» በ1961 ዓ.ም. በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የኋላ ክፍሏ ተጐድቶ መንገድ ላይ ቀረች። እርሱም ጕድለቷን በመጽሐፉ አልሸሸገም። በ1962 ዓ.ም. ሁለተኛይቱ «ራ» ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች።

ስለዚህ ጕድለትን መናገር ምቀኝነት አይደለም። ጀልባ የሚገዛ ሰው ሕይወቱን ይዞ ይሳፈርባታልና፥ ጸሓፊው ከሻጩ ይልቅ ለተሳፋሪው ያስብ።