የድሮ ፎንት ፋይሎች ሳይረፍድ ይለወጡ

የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ 90 በመቶ ያህሉ በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ በጅቡቲ ከተማ የትራንዚት ቢሮዎች ከፈረንሳይኛው ሰነድ ጎን የአማርኛ ደብዳቤና ውል አይታጣም። ዛሬ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በዩኒኮድ፣ የሚጻፈው የትም ይነበባል። ከ20 ዓመት በፊት በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተተየበው ግን ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ይሆናል። እነዚህ ፋይሎች አሁኑኑ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለባቸው እላለሁ።

ጣጣው የመጣው ከቦታ ጥበት ነው። የዚያን ጊዜ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሞላሉ፣ ያውም ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ፊደላችንን በላቲኑ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ቦታ ሲያጥርም ከቁራጭ ገጣጠሙት። በቪዥዋል ግዕዝ «አ» የተቀመጠችው በላቲኗ ኤክስ ቦታ ነው፤ «ኢ» ደግሞ ኤክስና ቃለ አጋኖ ተቀጣጥለው የሚሠሯት ናት። ለጊዜው ግሩም ብልሃት ነበር። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ለፊደላችን የራሱን ቦታ ከሰጠ በኋላም ግን ብዙ መሥሪያ ቤት በለመደው ገፋበት።

«የታተመው ወረቀት ማኅደር ውስጥ አለ፤ ምን አደከመን?» የሚል አይጠፋም። ወረቀቱ መነበቡ እውነት ነው፤ ከብዙ መቶ ገጽ መካከል የአንድ ደንበኛን ስም ፈልጎ ማውጣት ግን ለጸሐፊዋ የቀናት ሥራ ነው። የበለጠ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ መለወጫ ፕሮግራም ጽሑፍ ያበላሻል ይባላል። ያበላሻልም። በድሮው ፋይል ፈረንሳይኛውና አማርኛው አንድ ዓይነት ኮድ ይጋራሉ፤ የሚለያቸው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። ጽሑፉን ቀድቶ መለወጫው ላይ የሚለጥፍ ሰው የፎንቱን ስም መንገድ ላይ ይጥለዋል፤ በላቲን የተጻፈው የጅቡቲ ወደብ ስም «ዶራሌ»ም ትርጉም የለሽ የግዕዝ ፊደል ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ለውጡን መተው አይደለም፤ የወርድ ፋይሉን ከነፎንት ስሙ የሚያነብ ፕሮግራም መጠቀም፣ ከዚያም አማርኛ አዋቂ እርማት እንዲያደርግበት ማድረግ ነው። ወጪ አለው፤ እንደገና ከማስተየብ ግን ይቀላል።

ሁሉን በአንዴ መለወጥም ግድ አይደለም። ቢሮዎችም ሆኑ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት ከውሎችና ከአባላት መዝገብ ይጀምሩ፤ ዋናውን ፋይል አያጥፉ። አሮጌውን ኮምፒውተር ከመሸጣችሁ በፊት ደግሞ ፎንቱን ቀድታችሁ አስቀምጡ።