ኮምፒውተር ወይስ ላቦራቶሪ? የበሬ ዋጋ ያለው ጥያቄ

ሰሞኑን አጎቴ ከመካነ ኢየሱስ ደወሉልኝ። ስሙን ሲሰማ አዲስ አበባ ያለው ቤተ ክርስቲያን ትዝ ለሚለው አንባቢ ልንገረው፤ እኔ የምለው ከደብረ ታቦር በስተደቡብ ያለችውን የእስቴ ዋና ከተማ ነው። አጎቴ እንደ አገሩ ልማድ ስለ ጤናው፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ካዳረሱ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ግማሹን ነጥብ አላመጣችም።

«አንተ ከተሜ ነህ፣ ከእኔ ይልቅ ታውቃለህ» አሉኝ። «ኮምፒውተር ላስተምራት ወይስ ላቦራቶሪ? አንዱን በሬ ልሸጠው ነው።»

እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ከሁለት በሬ አንዱን የሸጠ ገበሬ በሚመጣው ክረምት ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። ስለዚህ ጥያቄው የትምህርት ምርጫ ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤት የእህል ጉዳይ ነው።

የአጎቴ ልጅ ብቻዋን አይደለችም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ የ2015ቱ 3.2፣ የ2016ቱ 5.4፣ የ2017ቱ ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ከፊሎቹን የማካካሻ ትምህርት (ሪሜዲያል) ይቀበላቸዋል። የተቀሩት ግን የት ይሂዱ? መልሱ «ቴክኒክና ሙያ» ነው፤ ይህ ደግሞ ለአገራችን ሰው እንግዳ መልስ አይደለም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ተማሪውን ለሁለት ከፈለው። ጥሩ ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ ሌላው ወደ 10+1፣ 10+2 እና 10+3 አመራ። የግል ኮሌጆች ከየሕንፃው ፎቅ ላይ ብቅ ብቅ ያሉት በዚያን ጊዜ ነው። ከታች ምግብ ቤት፣ ከላይ ኮሌጅ፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ «አካውንቲንግ፣ አይቲ፣ ነርሲንግ፣ ላቦራቶሪ» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሎ ያየ ሁሉ ያስታውሰዋል። ያኔ የተተከለው አስተሳሰብ ዛሬም አልተነቀለም፤ ሙያ ማለት የወደቀ ልጅ ማረፊያ ነው የሚል። ቆይቶ 10+ የሚባለው ቀርቶ «ደረጃ» መጣ፤ ከኮሌጁ ውጪ የሚሰጥ የብቃት ምዘናም (ሁላችንም «ሲኦሲ» የምንለው) ተጨመረ። የኮሌጁን ወረቀት ይዞ ምዘናውን ያላለፈ ልጅ የያዘው ወረቀት፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንደሚባለው ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ሙያዎች ለየብቻ እንያቸው።

ላቦራቶሪ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ነጭ ጋዋን ነው። ሥራው ግን ዓይንና ትዕግሥት ይፈልጋል። ወባን ለማግኘት የታካሚው ደም መስተዋት ላይ ይቀባል፣ በጊምሳ ቀለም ይነከራል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል። «ወባ የለም» ብሎ ለመፈረም ቢያንስ 100 ቦታ ማየት ያስፈልጋል። «አለ» ከተባለም ፋልሲፓረም ነው ወይስ ቫይቫክስ የሚለው መለየት አለበት፤ ለአንዱ ኮአርተም፣ ለሌላው ክሎሮኪንና ፕሪማኪን ስለሚታዘዝ።

«አሁን ፈጣን መመርመሪያ አለ፣ ማይክሮስኮፑ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከተሰበሰቡ የፋልሲፓረም ተሕዋስያን ከፊሎቹ መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የሚሠራ ዘረመል የሌላቸው ሆነው እንደተገኙ አሳይቷል። በሌላ አነጋገር፣ ወባው እያለ መመርመሪያው «የለም» ሊል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ከጉና ደጋ ወደ ዓባይ ቆላ ለሚወርድ እንደ እስቴ ያለ አገር ጥሩ የማይክሮስኮፕ ዓይን የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ደካማ ምርመራ ምን እንደሚያመጣ ከተሜውም ያውቀዋል። እኔ ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት አተኩሶኝ አንድ ክሊኒክ ገብቼ በግማሽ ሰዓት ውስጥ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተብዬ መድኃኒት ተሸክሜ ወጥቻለሁ። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ አንዴ ብቻ ተሠርቶ በሽታውን አያረጋግጥም። ድሮ የታመመ ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ሰውም «ፖዘቲቭ» ሊወጣ ይችላል። ባለሙያው ይህን ካልተማረ ያለበሽታው የሚታከመውና ያለአስፈላጊነቱ አንቲባዮቲክ የሚወስደው ሰው ይበዛል።

ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። በደንብ ከተሰጠ የሃርድዌርና ኔትወርክ ጥገና፣ የዳታቤዝ አስተዳደር፣ የድረ ገጽ ሥራ ያለበት ሙያ ነው። ከተጓደለ ግን ዎርድና ኤክሴል ተምሮ ፎቶ ኮፒ ቤት መቀመጥ ይሆናል። ትምህርቱ መብራትና ኢንተርኔት ይፈልጋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን ነፃ የኦንላይን ሥልጠና ሲያስጀምር አዲስ አበባ ያለው ወጣት ስልኩን ከፍቶ ተመዘገበ። ኔትወርክ የሌለው የገጠር ወጣት በምን ይመዝገብ?

ላቦራቶሪውም ቢሆን ዋስትና ያለው እንጀራ አይደለም። የጤና ተቋማቱ ባለሙያ ቢያንሳቸውም የመቅጠሪያ በጀት ስለሌለ ብዙ የጤና ምሩቃን ሥራ ፈትተዋል። በሥራ ላይ ያሉትም በግንቦት 2017 ዓ.ም. «ደመወዙ አላኖረን አለ» ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር።

የእኔ ሙግት ሁለቱን ማፎካከሩ ራሱ ስህተት ነው የሚል ነው። መካነ ኢየሱስ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት፤ ደብረ ታቦር የጤና ሳይንስ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ አለው። የጤና ሪፖርቱ ዛሬ ዲኤችአይኤስ2 በሚባል ሶፍትዌር ነው የሚሄደው። ሆስፒታሉ ለላቦራቶሪ ሠልጣኟ ማይክሮስኮፕ፣ ለኮምፒውተር ሠልጣኙ ደግሞ የሚጠገን ኔትወርክና የሚያዝ መረጃ መስጠት ይችላል። በወረቀት ላይ ያለው የትብብር ሥልጠና የሚለውም ይህንኑ ነው፤ የጎደለው ኮሌጁንና ተቋሙን በውል የሚያስርና አፈጻጸሙን የሚቆጣጠር አካል ነው። ዕውቅና ሰጪው መሥሪያ ቤትም የኮሌጁን ሕንፃ ከመቁጠር ይልቅ የየኮሌጁን የምዘና ውጤት በየዓመቱ ለወላጅ ይፋ ቢያደርግ ብዙ በሬ ከገበያ በዳነ ነበር።

ይህ እስኪሆን ለአጎቴ የሰጠኋቸው ምክር አጭር ነው። «በሬውን ከመሸጥዎ በፊት ኮሌጁ ድረስ ይሂዱና ሦስት ነገር ይጠይቁ። የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ወይም ኮምፒውተር ስንት አለ፣ ለስንት ተማሪ? ልጅቷ ለልምምድ የምትወጣው የት ነው፣ ውሉንስ ያሳዩዎታል? አምና ከተመዘኑት ስንቱ ሲኦሲ አለፈ? ሦስቱንም የመለሰልዎትን ይምረጡ፤ ኮምፒውተርም ይሁን ላቦራቶሪ።»

ጥቂት ዝም አሉና፣ «የመጨረሻውን ከጠየቅኋቸው የሚያስገቡኝ ይመስልሃል?» አሉኝ።

እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። አንድ አባት በሬውን ሸጦ የሚገዛውን ነገር አገላብጦ የማየት መብት ከሌለው፣ «ሙያ ተማሩ» የሚለው ምክራችን ለማን ነው?

ቸር ሰንብቱ።