አዲሱ የብርሃን ዓይን በማን ቆዳ ላይ ይፈተናል?

“ኳንተም ዶት” የሚባለው ነገር ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ገበያ እየገባ ነው። በ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለዚሁ ሥራ ለሙንጊ ባዌንዲ፣ ለሉዊስ ብሩስና ለአሌክሲ ኤኪሞቭ ተሰጠ። በ2024 ደግሞ ኦንሴሚ የተባለው የአሜሪካ ቺፕ አምራች በኳንተም ዶት ካሜራ የሚሠራውን ስዊር ቪዥን ሲስተምስን ገዛ። ነገሩ የሊቃውንት ወሬ ይመስላል፤ ግን እኛንም ይነካል።

ኳንተም ዶት የሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም ቺፕ ከሚሠራበት ዓይነት ቁስ የተገኘ እጅግ ትንሽ ቅንጣት ነው። ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 10 ናኖሜትር ነው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ግን ወደ 80,000 ናኖሜትር ይጠጋል። አስገራሚ ጠባይ አለው፤ ቁሱ ያው ሆኖ መጠኑ ብቻ ሲለወጥ የሚይዘው ብርሃንም ይለወጣል። ትንሹ ወደ ሰማያዊ፣ ትልቁ ወደ ቀይ፣ ከዚያም አልፎ ዓይናችን ወደማያየው ኢንፍራሬድ ያደላል።

ስለዚህ ዋናው ፈተና ቅንጣቶቹን እኩል አድርጎ መሥራት ነው። ባዌንዲና ባልደረቦቹ በ1993 በኤምአይቲ ዘዴውን አገኙ። ጥሬ ዕቃው በጋለ ፈሳሽ ውስጥ በአንዴ ይጨመራል፤ ቅንጣቶቹ በአንድ ጊዜ ይፈጠራሉ፤ ከዚያ እንደ ሙቀቱና እንደ ቆይታው መጠን ያድጋሉ። ቡና የምትቆላ እናት ቀለሙን አይታ ከእሳት እንደምታወርድ ሁሉ፣ ኬሚስቱም የፈሳሹን ቀለም እያየ በፈለገው ላይ ያቆመዋል።

ጥቅሙ ምንድን ነው? የስልካችን ካሜራ ዓይን ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ከ1,100 ናኖሜትር በላይ ያለውን ብርሃን አያይም። ከዚያ ወዲያ ለማየት እስካሁን የሚያገለግለው ኢንዲየም ጋሊየም አርሴናይድ የሚባል ውድ ክሪስታል ነው። ኳንተም ዶት ግን በፈሳሽ መልክ ስለሚዘጋጅ በሲሊኮን ቺፕ ላይ እንደ ቀለም ይቀባል፤ ዋጋውም ሊቀንስ ይችላል። ችግርም አለበት። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው ዓይነት እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እርሳስን በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ይገድባል። አማራጩ ኢንዲየም አርሴናይድ ነው። እዚሁ አገራችን በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር ኡሪ ባኒን ቡድን በዚህ ቁስ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። እሱም ቢሆን አርሴኒክ ስላለበት ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ እንምጣ። በኮሮና ጊዜ ጣታችን ላይ የምናደርጋት የኦክስጅን መለኪያም በብርሃን ዓይን ነው የምትሠራው። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ትልካለች፤ በወዲያ በኩል ያለው ትንሽ የሲሊኮን ዓይን ያለፈውን ይለካል። የጠቆረ ቆዳ የያዘው ሜላኒን ግን ከብርሃኑ የተወሰነውን ያስቀራል። በ2020 መጨረሻ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ያወጡት ጥናት ውጤቱን አሳየ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ሲያነብ፣ የደሙ ኦክስጅን ግን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጭ ሕመምተኞች 3.6 በመቶ፣ በጥቁር ሕመምተኞች 11.7 በመቶ ጊዜ ነበር። ይህ ማለት ኦክስጅን ያስፈልገው የነበረ ሰው “ደህና ነህ” ሊባል ይችላል ማለት ነው።

ሜላኒን የሚያስቀረው ብርሃን ወደ ረጅሙ ኢንፍራሬድ በሄድን ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ታዲያ አዲሱ ዓይን ያድነናል ማለት ነው? ብቻውን አያድነንም። መሣሪያው ቁጥሩን የሚያሰላው አስቀድሞ በጤነኛ ሰዎች ላይ ከተለካ ሠንጠረዥ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 የጠየቀው ቢያንስ 10 ሰዎችን ነበር፤ ከእነሱም ቢያንስ 2ቱ ወይም 15 በመቶው ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው እንዲሆኑ። በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ረቂቅ ግን ቁጥሩን ወደ 150 ከፍ አድርጎ የተለያየ የቆዳ ቀለም እንዲካተት ጠይቋል። ጉድለቱ ከቁሱ ይልቅ ከፈተናው ነበር ማለት ነው። አዲስ ቁስ በአሮጌ ፈተና ካለፈ፣ አሮጌው ስሕተት በአዲስ ዕቃ ይመለሳል።

ስለዚህ መለኪያችሁን አትጣሉ፤ ነገር ግን ቁጥሩ ደህና እያለ ትንፋሽ ካጠራችሁ ለሐኪም ተናገሩ፤ ትክክለኛውን መጠን የሚያሳይ የደም ምርመራ አለ። ቁፓት ሆሊሞችና ሆስፒታሎች አዲስ መሣሪያ ሲገዙ ደግሞ “በስንት ሰው፣ በየትኛው የቆዳ ቀለም ተፈተነ?” ተብለው ይጠየቁ። ይህን ጥያቄ ከውስጥ የሚጠይቁ ልጆች እንዲኖሩንም፣ በትምህርት ቤት ኬሚስትሪና ፊዚክስ የሚመርጡትን እናበርታ።