መጀመሪያ መነጽሩ፣ ከዚያ ማሽኑ

የልጅ ልጄ የብረት ሥራ ተምሮ ሲጨርስ፣ «አባባ፣ የጓሮዋን ቆርቆሮ ቤት ወርክሾፕ እናድርጋት» አለኝ። ከሚሴ ገበያ ወይፈን ሸጬ ያስቀመጥኩት ብር ነበረኝ። የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደርና ትራፓኖ ገዛን። መነጽር ላይ ስንደርስ ብሩ አለቀ። «ቀስ ብለን እንገዛለን» ያልኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ብረት ሲቆርጥ ፍንጣሪ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እስከ ደሴ መንገዱ አልገፋ አለኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ዓይኑ ተረፈ። ሐኪሙ «መነጽር አልነበረህም?» ሲለው ግን አንገቴን የደፋሁት እኔ ነበርኩ።

ወላጆችና አያቶች፣ ለልጃችሁ ወርክሾፕ ስታስቡ ከእኔ ስህተት ተማሩ። መጀመሪያ መነጽር፣ ጓንትና የብየዳ ማስክ ይገዛ። የብየዳ ብርሃን ቆሞ የሚያየውን ሕፃን ዓይን ጭምር ይጎዳልና መጋረጃም ያስፈልጋል። ቀጥሎ ባለሙያ የዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከነመሬት ሽቦው። ከዚያ ጠንካራ ሞርሳ፤ ብረቱ በደንብ ካልተያዘ ተንሸራቶ እጅ ይቆርጣል። ማሽን በመጨረሻ ይምጣ፤ አልፎ አልፎ የሚፈለገውን መከራየት ይቻላል።

ቁጠባው ጠረጴዛው ላይ ይሁን። እኛ ከአሮጌ ጣውላ ሠራነው፤ ምስጥ እንዳይበላው እግሮቹን ድንጋይ ላይ አቆምን። መዶሻና ፒንሳም ያገለገለ ቢሆን አይጎዳም፤ ብቻ በጨፋ ክረምት እንዳይዝግ ዘይት ይቀባ።

ትራፓኖውን ሸጠን መነጽርና ሞርሳ ገዛን። ልጁ አሁን የጎረቤት በርና መስኮት ይሠራል። እኔም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ግራይንደሩ ከመጮሁ በፊት መነጽር ማድረጉን አያለሁ።