ያበጠ መንጋጋ ቀጠሮ አይጠብቅም

«ሲስተር፣ ጥሩ የመንጋጋ ሐኪም ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም በሰፈሬ በቄራ አልተለየኝም። አንዷ የልጅ ልጇ ጉንጭ አብጦባት ትጠይቀኛለች፤ ሌላው ባለቤታቸው ጥርስ ካስነቀሉ በኋላ ቁስሉ አልድን ብሏቸው። ለሁሉም መልሴ ከአንድ ጥያቄ ይጀምራል፦ በሽተኛው አሁን ምራቁን መዋጥ ይችላል?

ለምን ይህን እንደምጠይቅ ላስረዳ። የታችኛው መንጋጋ የኋላ ጥርሶች ሥራቸው ረጅም ነው፤ ከምላስ ሥር ካለው ጡንቻም በታች ይደርሳል። ጥርሱ በስብሶ ሥሩ ላይ መግል ሲቋጠር፣ መግሉ ወደ ድድ መውጣቱን ትቶ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ሊወርድ ይችላል። ያኔ ምላስ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋና የአየር መንገድ ይጠባል። ሉድቪግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ይህን ሕመም በ1836 እ.ኤ.አ. በዝርዝር ጽፎታል፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በጥርስ ሕመም ሰው ይሞታል ሲባል ማጋነን የሚመስላቸው አሉ። አይደለም፤ የሚገድለው መታፈኑ ነው።

ስለዚህ ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ስፔሻሊስት ፍለጋ ስልክ መደወላችሁን ተዉት፦ እብጠቱ ከአገጭ ሥር ወርዶ አንገት ከያዘ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ አቅቶት ከዝረከረከ፣ ድምፅ ከታፈነ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም እብጠቱ ወደ ዓይን ከወጣ። ቀንም ይሁን ሌሊት በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ለእኛ ሰፈር ሰው እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ደግሞ 939 ነው። በመንገድ ላይ በሽተኛውን በጀርባው አታስተኙት፤ ቀና ብሎ ይቀመጥ። ስፔሻሊስት ካስፈለገ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ራሱ ይጠራል፣ ወይም ወዳለበት ያስተላልፋል።

በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው የከፉ ሕመምተኞች ከመጀመሪያው ሕክምና የራቁ አልነበሩም። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ክኒን ገዝተው፣ ሕመሙ ሲታገሥ አቋርጠው፣ ሲመለስ እንደገና ገዝተው ሳምንት የገፉ ነበሩ። የተቋጠረ መግል በክኒን ብቻ አይጠፋም። መውጫ ሊከፈትለት፣ ያመጣው ጥርስም ሊታከም ወይም ሊነቀል ይገባል። ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማሰርም ድዱን ያቃጥላል እንጂ ሥሩ ላይ ያለውን መግል አይደርስበትም።

አስቸኳይ ምልክት ከሌለ ግን ፍለጋው ሥርዓት አለው። በየመንገዱ የጥርስ ሥዕል ለጥፎ የምናየው ክሊኒክ ጥርስ ያጥባል፣ ይሞላል፣ ይነቅላል። የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት፣ ሐኪሞች «ማክሲሎፋሻል» የሚሉት፣ ከጥርስ ሐኪምነት በላይ ለዓመታት የሠለጠነ ነው። የተሰበረ መንጋጋ የሚያስተካክል፣ አጥንት ውስጥ የተቀበረ ጥርስ የሚያወጣ፣ የመንጋጋ ዕጢ የሚያክም እሱ ነው። ቁጥራቸው ከሕዝባችን ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ፣ ጥርስ ለማስሞላት እሱን ማሳደድ ጊዜም ገንዘብም ማባከን ነው።

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። እዚያ ታይቶ ከአቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ይጻፋል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ በተለይ ይህን ወረቀት አትዝለሉ፤ ያለ እሱ ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በአዲስ አበባ ይህ ሕክምና ከሚሰጥባቸው የመንግሥት ሆስፒታሎች መካከል ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 እና ጉለሌ ያለው ቅዱስ ጳውሎስ ይገኙበታል። ስትሄዱ ሪፈሩን፣ የመድን ደብተሩን፣ መታወቂያ፣ የተነሳ ራጅ ካለ ራጁን፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ያዙ። ቀጠሮው ርቆ ሳለ ሕመሙ ከባሰ ቀኑን አትጠብቁ፤ ተመልሳችሁ ታዩ።

ወደ ግል የምትሄዱ ከሆነ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሙያ ፈቃድ አንብቡ። «ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ማነው? ስፔሻሊቲው ምንድን ነው? ራጅና መድኃኒት ጨምሮ ጠቅላላው ስንት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም አይቆጣበትም።

ለአያቶች ለብቻ የምለው አለኝ። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም ለአጥንት መሳሳት የሚሰጥ መርፌም ሆነ ክኒን ከወሰዳችሁ፣ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ተናገሩ። የአጥንቱ መድኃኒት ከነቀላ በኋላ የመንጋጋ አጥንት እንዳይድን ሊያደርግ ይችላል። ደም የሚያቀጥነውን ግን ሐኪም ሳያዝ በራሳችሁ አታቋርጡ። ሁለት ሳምንት አልፎት ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የደነዘዘ ከንፈር ካለ ባያምም ታዩ። ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙውን ጊዜ አያምም። ትምባሆ የሚያጨሱ፣ አልኮል የሚያዘወትሩና ጫት የሚቅሙ ይበልጥ ይጠንቀቁ።

ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ያላችሁ ደግሞ አትደብቁት። እርግማንም ግርዶሽም አላመጣውም። ከንፈሩ ከ3 ወር ገደማ ጀምሮ፣ ላንቃው አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይጠገናል። በየካቲት 12 ስማይል ትሬን በተባለው ድርጅት ድጋፍ ቀዶ ሕክምናው ለብዙ ሕፃናት በነጻ ተሠርቷል። እስከዚያው ትልቁ ሥራ ማጥባቱ ነው፤ ላንቃው የተሰነጠቀ ሕፃን መሳብ ስለሚያቅተው ወተቱን አልባችሁ፣ ቀና አድርጋችሁ በማንኪያ ስጡት፤ ክብደቱንም በጤና ጣቢያ አስከታተሉ።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። የልጆቻችሁንም የወላጆቻችሁንም አፍ በብርሃን እዩ። የተቦረቦረ የኋላ ጥርስ ካገኛችሁ ሳያብጥ አሳክሙት። ያን ጊዜ ስፔሻሊስት መፈለግ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።