ጢስና አቧራ ኬላ አያውቁም

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ የምትኖሩ እናቶች የበጋውን ጠባይ ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ሰሊጡና ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ ሣሩ ይደርቃል፤ እሳትም ይለቀቅበታል። ገሚሱ እርሻ ለመመንጠር፣ ገሚሱ ለከብት አዲስ ሣር እንዲበቅል ተብሎ ነው። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ ከሱዳን ሜዳ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ይነሣል። ጢሱም አቧራውም መተማ ዮሐንስ ኬላ ላይ ቆሞ ፈቃድ አይጠይቅም።

ይህን ከሰማይ የሚከታተሉ ሳተላይቶች አሉ። ቴራ በ1992 ዓ.ም.፣ አኳ ደግሞ በ1994 ዓ.ም. ወደ ህዋ ከተላኩ ወዲህ በየአገሩ የሚነደው እሳት ከሙቀቱ እየተለየ በካርታ ላይ በነጥብ ይመለከታል። ሜቴኦሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በ36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ አፍሪካን በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ያነሣል። ለአቧራ ተብሎ በሚዘጋጀው ሥዕል ላይ አቧራው በቀንም በሌሊትም ሮዝ መስሎ ስለሚታይ፣ ወዴት እንደሚያመራ ማወቅ ይቻላል። አገራችንም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ሳተላይት ከቻይና አምጥቃለች።

ይሁን እንጂ ሳተላይት ሁሉን አያይም። ደመና ይጋርደዋል፤ ትንንሽ እሳትም ያመልጠዋል። ጢሱ ከፍ ብሎ ይሂድ ወይም በሕፃኑ አፍንጫ ልክ ዝቅ ብሎ ይለፍ፣ ሥዕሉ ብቻውን አይነግረንም። ከሁሉ በላይ በጣራ ሥር ያለውን የማጀት ጢስ ከቶ አያየውም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህም ከ237 ሺህ የሚበልጡት ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። እንግዲህ የሜዳው ጢስ በማጀቱ ጢስ ላይ ሲደረብ ሸክሙ የሚወድቀው በልጁ ሳንባ ላይ ነው።

ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር ወይም ሲደፈርስ የሚከተለውን አድርጉ። ምግቡን ነፋሱ ሳይነሣ አብስሉ፤ ምድጃውንም ልጁ ከሚተኛበት ክፍል አርቁት። የዕጣኑንና የከሰሉን ጢስ ለዚያ ቀን ተዉት። ቤቱን ውኃ አርከፍክፋችሁ ጥረጉ፤ እንስራውን ክደኑ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ እንጂ በቆላው ሙቀት ሕፃኑን አፍናችሁ አታስቀምጡት፤ በሌላው በኩል አየር ይግባለት፤ ጡትም ደጋግማችሁ አጥቡት። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ሻሽ ደቃቁን የጢስ ብናኝ አያስቀርም፤ ስለዚህ በእርሱ አትተማመኑ።

የሚያስል ልጅ ካለ፣ ጸጥ ባለበት ጊዜ ደረቱን ገልጣችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች የሆነው 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የጎኑ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ወይም ጡት እምቢ ካለ፣ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አባቶችም ድርሻ አላችሁ። እሳት ከመለኮስ ሌላ አማራጭ ከጠፋ ነፋስ በሚበረታበት ሰዓት አይሁን፤ ዙሪያው ይመንጠር፤ ጎረቤትም አስቀድሞ ይወቅ። በምንጣሮ ስም የተለቀቀ እሳት የዕጣኑን ዛፍ ችግኝ እንደሚፈጅም አትዘንጉ።

ሳተላይት እሳቱን ያሳያል፤ የልጅን ትንፋሽ የሚቆጥር ግን እናትና አባት ነው።