የሰው ወርቅ አያደምቅም፦ ደጃፋቸውን በነጻ ስለሰጡ ንግድ ቤቶች

የንግድ ድርጅቶችን ድረ ገጽ የሚጎበኝ ሰው አንድ ሳጥን ሳይገጥመው አይቀርም። ሳጥኑ ከገጹ በስተቀኝ ወይም ከግርጌው ተቀምጦ የድርጅቱን የፌስቡክ ፔጅ፣ የኢንስታግራም ፎቶዎች ወይም የቴሌግራም ቻናል እዚያው ያሳያል። ፔጁ ላይ አዲስ ነገር በተለጠፈ ቁጥር ሳጥኑም ራሱን ያድሳል። ዌብሳይት ሠሪዎች «ላይቭ ፊድ» ይሉታል። ከዋናው ሥራ በላይ እንደ ምርቃት ጣል የሚደረግ ነገር ነው፤ ባለቤቱም ይወደዋል። አንዴ ፖስት አድርጎ ሁለት ቦታ ይታይለታል፣ ድረ ገጹም ሰው ያለበት ቤት ይመስላል።

ምርቃት የተባለው ግን ብድር ነው፤ ያውም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ዓይነት። ንግድ ቤቱ በገዛ ደጃፉ ላይ ለሌላ ኩባንያ ቦታ ሲሰጥ፣ ደንበኛው መጥቶ የሚያየውን የመወሰን ሥልጣንም አብሮ ያስረክባል። ተቀባዩ ኩባንያ ደግሞ ለንግድ ቤቱ የገባለት ቃል የለም። ዛሬ ማታ አሠራሩን ቢቀይር ነገ ጠዋት ሄዶ የሚጠየቅበት መስኮት የለውም።

ይህ በሐሳብ ደረጃ ያለ ስጋት አይደለም፤ በተደጋጋሚ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 ጎግል የራሱን ማኅበራዊ መረብ፣ ጎግል ፕላስን፣ ለተራው ተጠቃሚ ዘጋው፤ በየድረ ገጹ የተለጠፉት ሳጥኖችም አብረው ሞቱ። በኦክቶበር 2020 ፌስቡክ የራሱንና የኢንስታግራምን ፖስቶች ያለ ምዝገባ ድረ ገጽ ላይ ማሳየት የሚቻልበትን ቀላል መንገድ ዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ መመዝገብና የመግቢያ ቁልፍ ማውጣት ግድ ሆነ። ኢሎን መስክ ትዊተርን ከገዛ በኋላ፣ በ2023፣ ከትዊተር መረጃ መቅዳት ለሚፈልግ ፕሮግራም ነጻ የነበረው መስመር በክፍያ ሆነ፤ በየድረ ገጹ የነበረው የትዊተር መስኮትም በብዙ ቦታ ባዶ ቀረ ወይም ያረጁ ጽሑፎችን እያወጣ ማሳየት ጀመረ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ሜታ ከግል የኢንስታግራም አካውንት ፎቶ የሚቀዳበትን መስመር ጨርሶ አጠፋው፤ ሳጥኑ እንዲቀጥልለት የፈለገ አካውንቱን ወደ ፕሮፌሽናል አካውንት መቀየር ነበረበት።

በአራቱም ጊዜ ባለ ድረ ገጹ ያጠፋው ጥፋት አልነበረም። እርግጥ ለውጡ አስቀድሞ የተነገረባቸው ጊዜያት አሉ። ማስታወቂያው የሚደርሰው ግን ለፕሮግራም ሠሪዎች ነው። ድረ ገጹን ከሦስት ዓመት በፊት አሠርቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ከባለሙያው ጋር ለተለያየ የሐዋሳ ባለ ሆቴል ማን ይነግረዋል? እሱ የሚሰማው አንድ ደንበኛ «ዌብሳይታችሁ ተበላሽቷል» ብሎ ሲደውል ነው። የማይደውለው ደንበኛ ደግሞ ከሚደውለው ይበዛል።

በኢትዮጵያ ላይ ሲሆን አደጋው ከኩባንያዎቹ ብቻ አይመጣም። በየካቲት 2015 መጀመሪያ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ውጥረት በነገሠበት ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ውስጥ ተገደቡ። ገደቡ የተነሣው ሐምሌ ላይ ነው። አምስት ወር ማለት ነው። ቪፒኤን ያለው በቪፒኤን ገባ፣ የሌለው ቀረ። ልብ መባል ያለበት፣ በእነዚያ ወራት የተገደቡት እነዚህ መድረኮች እንጂ ኢንተርኔቱ በሙሉ አልነበረም። ተራ ድረ ገጽ ይከፈት ነበር።

የላሊበላና የሰሜን ተራሮች ጉዞ የሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት በእነዚያ ወራት ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት አይከብድም። አዲስ አበባ ያለ ደንበኛ ድረ ገጹን ሲከፍት የተቀረው ክፍል ይመጣል፣ ሳጥኑ ግን ባዶ ነው። ሠራተኛው ያለ ቪፒኤን ፖስት ማድረግ ስለማይችል ፔጁ የካቲት ላይ ቆሟል። ከሙኒክ ወይም ከዋሽንግተን ለሚከፍተው ቱሪስት ደግሞ ሳጥኑ ይመጣለታል፤ የሚያየው ግን የመጨረሻው ፖስት ከአራት ወር በፊት የተለጠፈ መሆኑን ነው። «እነዚህ ሰዎች ዘግተዋል» ብሎ ወደ ሌላ ቢሄድ ማን ይፈርድበታል? ቤቱ ሰው እንዳለበት እንዲመሰክር የተሰቀለው ሳጥን፣ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ መሰከረ። ድርጅቱ በራሱ ገጽ ላይ «ሥራ ላይ ነን፤ የመስከረም ጉዞ በዚህ ቀን ይነሣል፤ ዋጋው ይህ ነው፤ ስልካችን ይህ ነው» የሚል አራት መስመር ለመጻፍ ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር።

መላው ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በሰኔ 2012 ማብቂያ እንደሆነው፣ አገር ውስጥ ላለ ሰው የራስ ድረ ገጽም አያድንም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ውጭ አገር ባለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ድረ ገጽ ያኔም ቢሆን ለውጭው ደንበኛ ክፍት ነው፤ የተጻፈበትም አይጠፋም።

ሌላው አደጋ ሌባ ነው። የፔጅ ስርቆት በኢትዮጵያ አዲስ ወሬ አይደለም፤ ስንት ሺህ ተከታይ ያለው ፔጅ በአንድ ሌሊት ስሙ ተቀይሮ የሌላ ሰው ዕቃ ሲሸጥበት ያላየ የለም። ፔጁ በድረ ገጹ ላይ በቀጥታ የሚታይ ከሆነ፣ ሌባው አንድ ቁልፍ ሰርቆ ሁለት ቤት ይከፍታል። የተሳሳተ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ፔጁ ላይ ቢለጥፍ፣ ቁጥሩ ወዲያው በድርጅቱ ሕጋዊ አድራሻ፣ ከሎጎው ሥር ይታያል። ደንበኛው ደግሞ ፌስቡክን ቢጠራጠር እንኳ ድረ ገጹን ያምናል። «ትልልቆቹ ይህ አይደርስባቸውም» የሚል ካለ፣ በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን የኤክስ አካውንት ተሰርቆ፣ ኮሚሽኑ ገና ያላጸደቀውን የቢትኮይን ውሳኔ እንዳጸደቀ ተደርጎ ተለጥፎበታል። የቢትኮይን ዋጋ ከፍ ብሎ፣ ማስተባበያው ሲወጣ ደግሞ ዝቅ ብሏል። ገበያን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አካውንቱን ካልጠበቀ፣ አንድ ተላላኪ ወጣት በስልኩ የሚያስተዳድረው የሱቅ ፔጅ እንዴት ይሆናል?

አደጋ ባይኖር እንኳ፣ ሳጥኑ በደህናው ቀን የሚያሳየው ምንድን ነው? የአንድ ድርጅት ፔጅ ከላይ ወደ ታች ቢታይ በአብዛኛው ይህን ይመስላል፦ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ፣ እንኳን ለመስቀል፣ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለኢድ አደረሳችሁ፤ በመካከል ሥራ አስኪያጁ ከእንግዳ ጋር የተነሡት ፎቶ፤ አለፍ ሲል የደም ልገሳ ፕሮግራም። በፌስቡክ ላይ ይህ ነውር የለውም። ሰው እዚያ የሚገባው ከሰው ጋር ሊገናኝ ነው፤ ሰላምታም ያስፈልጋል። ቡና ሊገዛ ከሃምቡርግ ድረ ገጹን የከፈተ ነጋዴ ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። የይርጋጨፌው ቡና ደረጃው ስንት ነው? የታጠበ ነው ወይስ ያልታጠበ? ምን ያህል ጆንያ አለ? መቼ ይጫናል? ማንን ያነጋግር? የሚጠብቀው የአምስት በዓል ፖስተር ተሰልፎ ነው።

ፖስተር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ብዙው የጨረታ፣ የክፍት የሥራ ቦታና የዋጋ ማስታወቂያ ጽሑፉ በምስል ውስጥ ታትሞ ነው የሚለጠፈው። ምስል ውስጥ ያለን ጽሑፍ ሰው ጎግል ላይ ፈልጎ ለማግኘት ይቸገራል፤ ዓይነ ስውር የሆነ ደንበኛ ስልኩ እንዲያነብለት ቢፈልግም በአብዛኛው አያነብለትም። በሳጥን ውስጥ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ይዘትም እንደ ድርጅቱ የራሱ ጽሑፍ አይቆጠርለትም። ከአምስት ዓመት በኋላ «በዚያን ጊዜ ምን ብለን ነበር?» ብሎ የራሱን ማስታወቂያ የሚፈልግ ድርጅት በራሱ ቤት ውስጥ አያገኘውም። ፔጁ ከተዘጋ ደግሞ ታሪኩም አብሮ ይዘጋል።

ብዙም የማይወራለት ደግሞ የጎብኚው ገመና ነው። ሳጥኑ ያለበት ገጽ ሲከፈት የጎብኚው ስልክ ከድርጅቱ ሰርቨር ጋር ብቻ ሳይሆን ከፌስቡክ ሰርቨርም ጋር ይነጋገራል። ጎብኚው ሳጥኑን ባይነካው፣ የፌስቡክ አካውንት ባይኖረው እንኳ፣ አድራሻውና የከፈተው ገጽ ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። ለወንበር ሻጭ ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል። ለክሊኒክስ? ስለ መካንነት ሕክምና ወይም ስለ ኤች አይ ቪ ምርመራ ሊያነብ የገባ ሰው፣ መግባቱን ሦስተኛ ወገን እንዲያውቅበት መቼ ተስማማ?

በአውሮፓ ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። ፋሽን አይዲ የተባለው የጀርመን ልብስ ሻጭ በድረ ገጹ ላይ የለጠፈው የፌስቡክን የላይክ ቁልፍ ነበር። የሸማቾች ማኅበር ከሰሰው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጁላይ 29 ቀን 2019 በሰጠው ውሳኔ፣ መረጃው ተሰብስቦ ወደ ፌስቡክ በመተላለፉ ረገድ ባለ ድረ ገጹም ከፌስቡክ ጋር ኃላፊ ነው አለ፤ ፌስቡክ ከዚያ በኋላ በመረጃው ለሚያደርገው ግን ሻጩ አይጠየቅም። ኢትዮጵያም በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች። «እኔ ሳጥኑን ለጠፍኩ እንጂ መረጃ አልሰበሰብኩም» የሚለው መልስ ከእንግዲህ የሚያዋጣ አይመስልም። የዳታ ወጪውም አለ፤ ሳጥኑ የሚጎትታቸው ፎቶና ቪዲዮዎች የሚወርዱት በደንበኛው ጥቅል ነው።

በሌላ በኩል ለሳጥኑ የሚቆረቆሩ ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። ሕዝቡ ያለው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ነው ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይህ ጽሑፍም የሚነበበው በቴሌግራም ነው። ትንሽ ሱቅ ድረ ገጽ የሚያድስ ሠራተኛ መቅጠር አይችልም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተነካ ድረ ገጽ ደግሞ ከሳጥኑ የባሰ ያስፈራል። የሐሰት ድርጅት በበዛበት ገበያ ደንበኛው ከሻጩ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ማስረጃ «አለህ ወይ?» የሚል ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስህተት የለም።

ስህተቱ ያለው በአቅጣጫው ላይ ነው። ፔጅ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ድረ ገጹ የፔጁ ጥላ ሲሆን ነው። ቃሉ መጀመሪያ በራስ ቤት ተጽፎ ወደ ገበያ ይውጣ። ማስታወቂያው፣ ዋጋው፣ ጨረታው በድረ ገጹ ላይ በፊደል ይጻፍ፣ ቀን ይደረግበት፤ ከዚያ ሊንኩ በፌስቡክም በቴሌግራምም ይለቀቅ። ይህ ተጨማሪ ሠራተኛ አይፈልግም። ለፔጁ የሚጻፈውን ያንኑ ሦስት መስመር መጀመሪያ በሌላ ቦታ መለጠፍ ነው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ፌስቡክ ቢዘጋ፣ ቴሌግራም ቢገደብ፣ አካውንት ቢሰረቅ፣ ዋናው ቃል ባለበት ይገኛል።

ሳጥኑን የግድ የሚፈልግ ድርጅትም ጉዳቱን መቀነስ ይችላል። ከዋናው ገጽ አናት ላይ አውርዶ ከታች ያስቀምጠው። ጎብኚው ራሱ «አሳየኝ» ብሎ ሲጫን ብቻ እንዲከፈት ያድርገው፤ ያኔ የማይፈልገው ሰው ዳታም ገመናም አያወጣበትም። የሌሎች ሰዎችን አስተያየት በቀጥታ የሚያሳይ ሳጥን ግን በጭራሽ አይለጥፍ፤ ማታ ላይ ማን ምን እንደሚጽፍ አይታወቅምና ጠዋት የሚታየው በድርጅቱ ስም ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ጥሩ ጥሩዎቹን ፖስቶች በእጅ መርጦ፣ ጽሑፉንና ፎቶውን በራስ ድረ ገጽ ላይ ማስቀመጥ፣ ከሥሩም የፔጁን ሊንክ መስጠት ነው። ሊንክ አድራሻ ይጠቁማል እንጂ ቤቱን አሳልፎ አይሰጥም።

ዌብሳይት ሠሪዎችም ድርሻ አላቸው። ሳጥኑን ለጥፎ ገንዘብ ተቀብሎ መሄድ ቀላል ነው። ከርክክቡ በፊት ግን ለባለቤቱ አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባል፦ «ይህ ሳጥን ባዶ የቀረ ቀን ገጽህ ምን ይላል?» መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ ሥራው ገና አላለቀም።

አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅም» ያሉት መዋስ ነውር ስለሆነ አይደለም። ባለቤቱ በመጣ ሰዓት፣ በድግሱ መካከልም ቢሆን፣ አውልቆ መስጠት ስለማይቀር ነው።